አመል ነው ወይስ በሽታ? የእንስሳ ጠባይ ሐኪም ማን ነው፣ እንዴትስ ይሆናል?

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር አንዲት በግ ከመንጋዋ ተነጥላ ባለችበት መዞር ጀመረች እንበል። በግራ በኩል ብቻ። ሲጠሯት አትሰማም፣ ግልገሏ ሲጮህ ዘወር ብላ አታይም፣ ግድግዳ ስታገኝ ግንባሯን አስደግፋ ትቆማለች። አንዱ «አመሏ ነው» ይላል። ሌላው «ዓይን በልቷት ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሳትሞት እንድረስባት ብሎ ቢላ ይስላል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «አመል» ስለምትባል ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ የሚራገጥ በሬ፣ የሚናከስ ውሻ፣ ጭነት አልቀበልም ያለች አህያ፣ ሜዳ ላይ የምትዞር በግ፣ ሁሉም «አመለኛ» ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ግን «አመል ነው ወይስ በሽታ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ አሥር ዓመት ገደማ የሚማሩ ሐኪሞች አሉ። ሙያው የእንስሳት ጠባይ ሕክምና ይባላል። ምን እንደሆነ፣ እዚያ ማን «ስፔሻሊስት ነኝ» ማለት እንደሚችል፣ እኛ ጋ ደግሞ ከግሼ ራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ በዚህ መስመር መማር የሚፈልግ ወጣት በየት በኩል እንደሚሄድ እናያለን። መጀመሪያ ግን የምትዞረዋን በግ እንጨርስ።

አዙሪት

የደጋ ሰው ለዚህ በሽታ ስም አውጥቶለታል፣ አዙሪት ይለዋል። የሚያመጣው ኮሶ ነው። አዎ ኮሶ፣ ግን ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ የሚይዘው ዓይነት አይደለም። የዚያ ዘመድ የሆነ፣ ውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ነው። ሳይንሱ ቴኒያ መልቲሴፕስ ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ውሻ ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላሎች ሣሩ ላይ ይቀራሉ። በጓ ሣሩን ስትግጥ እንቁላሉን አብራ ትውጣለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ አንጀቷን በስቶ በደም ሥር ይጓዛል፣ አንጎል ላይ ሲደርስ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ወራት እየፈጀ ያድጋል፣ አንዳንዱ የዶሮ እንቁላል ሊያክል ይችላል። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትል ራሶች ሊኖሩ ይችላሉ። ያ ከረጢት አንጎሏን ሲጫን ነው መዞር የሚመጣው። ብዙ ጊዜ የምትዞረው ከረጢቱ ባለበት ጎን በኩል ነው፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ዓይኗ ደግሞ ማየት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ግልገሏን ዞር ብላ ያላየችው በግ ጨካኝ ሆና አይደለም፣ በዚያ በኩል ላይታያት ስለሚችል ነው።

አሁን ወደ ቢላው እንመለስ። በጓ ትታረዳለች፣ ሥጋው ለቤት፣ ጭንቅላቱ ለውሻ። ውሻው ከረጢቱን ከነራሶቹ ይበላል፣ እያንዳንዱ ራስ አንጀቱ ውስጥ አዲስ ትል ሊሆን ይችላል። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ያው ውሻ ከመንጋው ጋር እየዋለ እንቁላል ይበትናል። ለማዳን ብለን ያደረግነው ነገር ለከርሞ ሌላ በግ ያስታምመናል ማለት ነው።

መንዝ ላይ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ኪሳራ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው አገር ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤት ውስጥ የሚቀረው ገንዘብ በግ ነው። የተማሪው ደብተር፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የሕመምተኛው ትራንስፖርት የሚወጣው ከዚያ ነው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ባናና በርኖስ ሆኖ ሰውን ከብርድ አድኗል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና እንደ ኢካርዳ ካሉ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው፣ የተሻለውን አውራ ራሳቸው እየመረጡ ዝርያውን ሲያሻሽሉ ቆይተዋል። ዓመታት የተለፋበት አውራ አንድ ቀን መዞር ሲጀምር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው። የታረደ በግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ አይሰጥም፣ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። የውሻው የትል መድኃኒት ደግሞ አለ፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ መጠኑን ባለሙያ ይወስን። እግረ መንገዳችንን፣ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁም ለውሻ አትጣሉለት። እሱ የሌላ ትል ነው፣ እንቁላሉ ከውሻው ወደ ሰው ተሻግሮ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይሠራል። ልጆች ውሻ ዳብሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ ሲይዙ የሚያሰጋው ለዚህ ነው። የበጓን አዙሪት በተመለከተ ደግሞ፣ ከረጢቱ ከራስ ቅሉ ሥር ቅርብ ሆኖ ከተገኘ የሰለጠነ ሐኪም በኦፕሬሽን ሊያወጣው ይችላል። አንዳንዴ አጥንቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ በጣት ይታወቃል። ዋጋው ከበጓ ዋጋ ጋር ይመዛዘናል፣ ግን «ምንም አይደረግላትም» የሚባለው ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

እና ግን የሚዞር በግ ሁሉ አዙሪት አለበት ማለት አይደለም። ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአፍንጫዋ በኩል ገብቶ የሚያድግ የዝንብ እጭ አለ፣ ያስነጥሳታል፣ ራሷን ያስነቀንቃታል፣ ሚዛን ሊያስታትም ይችላል። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ያዞራል፣ ጆሮና ከንፈር በአንድ በኩል እንዲወድቅ ያደርጋል። መንታ ያረገዘች በግ በወሊድ ዋዜማ መኖ ሲያንሳት ትፈዛለች፣ ከመንጋው ትነጠላለች፣ ዕውር የሆነች ትመስላለች፣ መፍትሔዋም ሌላ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በግም ከብትም ይይዘዋል። ሲይዘው ለመዋጥ ስለሚቸገር አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ይመስላል፣ ባለቤቱም ሊረዳው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ ሳይመረመር አፉ ውስጥ እጅ አይገባም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትይዙ እንኳ ጽሑፉ ዋጋ አለው።

እረኛ መጀመሪያ የሚያየው ነገር አለ፣ ሐኪምም አያሸንፈውም። «ይቺ በግ ትናንት እንዲህ አልነበረችም» ማለት የሚችለው አብሯት የዋለ ነው። ሐኪሙ ደግሞ አምስት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ለይቶ «ይህኛው ነው» ይላል። አውሮፓውያን ይህን ሁለተኛውን ሥራ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ አድርገውታል።

«ኮሌጅ» ግን ዶርም የሌለው

መጀመሪያ ስለ ዕድሜው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተጀመረው ፈረንሳይ ሊዮን ላይ በ1762 እ.ኤ.አ. ነው፣ ክሎድ ቡርዥላ በሚባል ሰው። የጠባይ ሳይንሱ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ኮንራድ ሎሬንዝ፣ ኒኮ ቲንበርገንና ካርል ፎን ፍሪሽ ዝይ፣ ዓሣና ንብ ሲያጠኑ ኖረው በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙ። እነሱ ግን ሐኪሞች ሆነው እንስሳ አላከሙም፣ እንስሳ ለምን እንዲህ ያደርጋል ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው። ያንን እውቀት ክሊኒክ ውስጥ አስገብቶ ሕክምና ያደረገው ከእነሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጠባይ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1993 እ.ኤ.አ. እንደ ስፔሻሊቲ እውቅና አገኘ፣ አውሮፓም ተከተለች።

ዛሬ አውሮፓ ላይ ይህን የሚመራው የአውሮፓ የእንስሳት ደህንነትና የጠባይ ሕክምና ኮሌጅ ነው። ኮሌጅ ሲባል ግቢና ዶርም ያለው ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። የስፔሻሊስት ሐኪሞች ማኅበር ዓይነት ነው። ማን መማር እንደሚችል መስፈርት ያወጣል፣ ይፈትናል፣ ያለፈውን ይመዘግባል። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የእንስሳት ደህንነትን፣ ሥነ ምግባርንና ሕግን የሚይዝ ነው፣ ሌላው የጠባይ ሕክምና። ከበላዩ ደግሞ የአውሮፓ የእንስሳት ሐኪሞች ስፔሻላይዜሽን ቦርድ አለ፣ የዓይንም የቆዳም የቀዶ ሕክምናም ስፔሻሊስቶች በእሱ ጥላ ሥር ናቸው።

መሰላሉ ረጅም ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም መሆን አለበት፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ይህ ቢያንስ አምስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ከዚያ በየክፍሉ እየተዘዋወረ አንድ ዓመት ገደማ ይለማመዳል፣ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ ያሳያል። ከዚያ ሬዚደንሲ ይገባል። በተለመደው መንገድ ሦስት ዓመት ያህል፣ ስፔሻሊስት በሆነ ሰው ቁጥጥር ሥር እየሠራ፣ ያያቸውን እንስሳት እየመዘገበ፣ ምርምር እያሳተመ ይቆያል። መጨረሻ ላይ ከባድ ፈተና አለ። ያለፈ ሰው «ዲፕሎማት» ይባላል። የኤምባሲው አይደለም፣ የእኛ የኮሌጅ ዲፕሎማም አይደለም፣ የመሰላሉ ጫፍ ነው። እዚያ ደርሶም አያርፍም፣ በየአምስት ዓመቱ አሁንም እየሠራና እየተማረ መሆኑን አሳይቶ ማዕረጉን ያድሳል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር በጣም ትመቸናለች፣ አንዴ የወጣ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዕድሜ ልክ የሚያበላ ነገር አለመሆኑ።

እነዚህ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚያዩት ውሻና ድመት ነው። ብቻውን ሲቀር ቤት የሚያፈርስ ውሻ፣ ርችት ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ፣ ልጅ የሚናከስ። «ለዚህ ሐኪም?» ልትሉ ትችላላችሁ፣ እኛም መጀመሪያ ቅንጦት መስሎን ነበር። ግን የሚሠሩትን ስታዩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ አመል አይደለም፣ «የት ጋ ያመዋል?» ነው። እንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የተሳተፉበት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ ለጠባይ ችግር ወደ ስፔሻሊስት ከተላኩት እንስሳት ቢያንስ ሲሶ ያህሉ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል፣ በአንዳንዱ ክሊኒክ ቁጥሩ 80 በመቶ ሊጠጋ እንደሚችልም ጠቅሷል። ክፉ የተባለው ውሻ ዳሌው የሚያመው ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ይህንን ውሻውን ትታችሁ በሬው ላይ አድርጉት። ቀንበር ሲያዩ የሚራገጥ በሬ ትከሻው ሥር ቁስል ሊኖር ይችላል። ከጀማ ሸለቆ ወደ ዓለም ከተማ አቀበቱን ጭነት ተሸክማ የምትወጣ አህያ ድንገት ቆማ አልሄድ ብትል ሰኮናዋ ወይም ጀርባዋ ይታይ። አህያ ደግሞ ሕመሟን በመደበቅ የታወቀች ናት። «አህያ አይታመምም» የሚባለው ለዚያ ነው፣ ታማለች ግን አትናገርም።

በግም ትደብቃለች። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የበግን ፊት እያዩ ሕመሟን የሚለኩበት ዘዴ አሳትመዋል። የሚያዩት አምስት ነገር ነው፦ ዓይኗ ጠበብ ማለቱን፣ ጉንጯ መወጠሩን፣ ጆሮዋ የዞረበትን አቅጣጫ፣ የከንፈሯንና የመንጋጋዋን ቅርጽ፣ የአፍንጫዋን ቀዳዳ። የሰኮና መበስበስና የጡት ሕመም ባለባቸው በጎች ላይ ነው የሞከሩት። ስልክ ያለው እረኛ ከዛሬ ጀምሮ ሊሞክረው ይችላል። ጤነኛ በግ ፎቶ አንሱ፣ የምታነክሰዋንም አንሱ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጆሮና ዓይን አወዳድሩ።

አውሮፓ ላይ ግን ሁሉም የጠባይ ባለሙያ ሐኪም አይደለም። ብሪታንያን እንውሰድ። እዚያ ከ1966 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ «የእንስሳት ሐኪም ነኝ» ለማለት መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ሳይመዘገቡ ማከም ወንጀል ነው። «የጠባይ ባለሙያ ነኝ» ማለት ግን ለማንም ክፍት ነው። ስሙ በሕግ አልተጠበቀም። ስለዚህ ሙያተኞቹ ራሳቸው መዝገብ ከፍተዋል። መዝገቡ ላይ ለመግባት በጠባይ ሳይንስ ዲግሪ፣ በባለሙያ ክትትል የተሠራ ሥራና ግምገማ ይጠየቃል። እነዚህ ሰዎች እንስሳ የሚቀበሉት ሐኪም መጀመሪያ አይቶ ሲልክላቸው ነው። መድኃኒት አያዙም። ለውሻ ጭንቀት የሚታዘዙ፣ ከሰው የድብርት መድኃኒት ጋር አንድ የሆኑ መድኃኒቶች አሉ፣ እነሱን የሚያዘው ሐኪም ብቻ ነው።

እኛ ጋስ?

እዚህ አንድ ሐኪም ሁሉንም ነው። ጠዋት የፍየል ክትባት፣ ቀትር ላይ የተቸገረች ላም ማዋለድ፣ ከሰዓት የሥጋ ምርመራ፣ በዚህ መሐል የምትዞር በግ። ስለዚህ መሰላሉን ከታች ጀምረን እንየው።

የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኮሌጅ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። አሁን ግን በአማራ ክልል ብቻ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ፣ ከክልሉ ውጭ ሐረማያ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ አሉ። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፣ የሚወጣው ሰው «ዶክተር» ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ እሱን ሳያልፉ ዲግሪው አይሰጥም። በርዝመት ከአውሮፓው የመጀመሪያ ዲግሪ አያንስም። ልዩነቱ ያለው ከዚያ በላይ ነው። እኛ ጋ ዶክተሩ ቢቀጥል ማስተርስ ይማራል፣ በበሽታ ጥናት፣ በጥገኛ ተውሳክ፣ በመራቢያ፣ በቀዶ ሕክምና። ጠባይ ከእነዚህ ትምህርቶች ውስጥ በየቦታው ተበትኖ ነው የሚመጣው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ሐኪም በተመረቀ ቀን ሊኖረው ይገባል ብሎ ካወጣቸው ችሎታዎች አንዱ የእንስሳት ደህንነት ነው። እንስሳው ጤና ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ማየት የዚያ አካል ነው።

ከዶክተሩ በታች በግብርና ኮሌጆች በደረጃ የሚሰለጥኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉ። አላጌ ከታወቁት አንዱ ነው። ቀበሌ ድረስ ወርዶ ገበሬው «ዶክተር» እያለ የሚጠራው ብዙ ጊዜ እነዚህን ነው። በሐቀኝነት እንናገር፣ አንድ የመንዝ ገበሬ በዕድሜው የሚያገኘው «ሐኪም» በአብዛኛው ይህ ሰው ነው። እሱ የሚዞር በግና የሚንጠባጠብ አፍ መለየት ከቻለ አገር ይጠቅማል፣ ካልቻለ ቢሾፍቱ ያለው ፕሮፌሰር ለዚያ መንደር ምንም አያደርግለትም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ባለሙያውም መድኃኒቱም እንደልብ አይደርስም።

አጭር ስልጠና ይናቃል፣ መናቅ ግን የለበትም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፣ ከመንዝ ገደል ሥር ነው። የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶች በደስታ በሽታ ያልቁ ነበር። ዶክተር እዚያ በረሃ በበቂ ቁጥር ሊደርስ አልቻለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሙቀት የማያበላሸው ክትባት ተሠርቶ፣ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሰዎች አጭር ስልጠና ወስደው ራሳቸው መከተብ ጀመሩ። በሽታው ከአፋር ጠፋ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ዲግሪ የሌላቸው ሰዎች እጅ አለበት። ግን ሥራው ጠባብና ግልጽ ነበር፣ ከበላያቸው የሚከታተል ሐኪም ነበር። ያለዚያ አጭር ስልጠና አደጋ ነው።

የውሻው ጉዳይ

በግ ብትዞር የሚጎዳው ኪስ ነው። የውሻ ጠባይ ሲለወጥ ግን ነገሩ የነፍስ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚጠብቀው አረፋ የሚደፍቅና የሚያሳድድ ውሻ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ሰው የማይቀርብ የነበረው ድንገት ይለማመጣል፣ ተጫዋቹ ጨለማ ጥግ ይደበቃል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ጸጥ ያለውም ይገድላል። «አመሉ ተለወጠ» ስትሉ ራሳችሁን ከሰማችሁ አስሩት፣ ራቁት፣ ለባለሙያ አሳውቁ። ከነከሳችሁ ወይም ቁስላችሁን ከላሳችሁ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም። «ውሻው እስኪሞት እንይ» ተብሎ አይጠበቅም።

ጓሳ ላይ ደግሞ ይህ ጉዳይ ሌላ ነፍስ ይይዛል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ የተወሰኑት የመንዝ ሕዝብ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት በጠበቀው ጓሳ ላይ። ባሌ ላይ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በ1991 እና በ2003 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። እረኛውን ተከትሎ ወደ ጓሳ የሚወጣው ውሻ ከተከተበ ቀበሮውም፣ እረኛውም፣ በጓም ይተርፋሉ።

ወረቀት ስታዩ

ስልካችሁ ላይ «በሁለት ቀን የእንስሳት ጠባይ ቴራፒስት ሁኑ፣ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት» የሚል ማስታወቂያ ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁሉም ውሸት ነው አንልም፣ ውሻ ማሰልጠን መማር ከፈለጋችሁ አንዳንዱ ይጠቅማል። ግን ብር ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፦ ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው፣ እሱንስ ማን ያውቀዋል? በሐኪም ክትትል እውነተኛ እንስሳ የምታዩበት ጊዜ አለ? ከጨረሳችሁ በኋላ ስማችሁ ሰው ሊያጣራው የሚችል መዝገብ ላይ ይገባል? ማዕረጉ ይታደሳል ወይስ አንዴ ከፍላችሁ ያበቃል? አብዛኛው ማስታወቂያ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ወደ አውሮፓው መሰላል ደግሞ ሰርተፍኬት አያስገባም፣ መግቢያው የሐኪም ዲግሪ ነው። ኢትዮጵያ የተመረቀ ሐኪም እዚያ ለመሥራት መጀመሪያ የዚያን አገር ምዝገባ ማግኘት አለበት፣ ብሪታንያ ለምሳሌ ዲግሪያቸው በቀጥታ እውቅና ለሌላቸው ሐኪሞች የራሷ ፈተና አላት።

ስለዚህ አሁን 11ኛ ክፍል ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ መንገዱ የሚጀምረው በተፈጥሮ ሳይንስ፣ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ነው። ስድስቱ ዓመት እስኪመጣ ደግሞ አንድ ደብተር ያዙ። የትኛዋ በግ መቼ መዞር ጀመረች፣ በየትኛው ጎን፣ ትበላለች ወይ፣ ታስነጥሳለች ወይ፣ እርጉዝ ናት ወይ፣ ውሻችሁ የትል መድኃኒት የወሰደው መቼ ነው፣ ክትባትስ? ቪዲዮም ቅረጹ፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የወረዳው ባለሙያ ሲመጣ፣ ወይም በስልክ ሲገኝ፣ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው።